ለእናቴ ሳልነግር ያወጣሁት አርባ

ወንድሜ ሲሞት ለእናታችን አልነገርኳትም። በቀጥታ ካልጀመርኩት ዙሪያውን ስዞር እንደምውል ስለማውቅ ነው ከዚህ የምነሳው። ጋራዥ ውስጥ ላየኝ ሰው ቆራጥ እመስላለሁ። ፍሬኑ ያለቀ መኪና ይዞ መጥቶ ደሴ ድረስ ያደርሰኝ ይሆን የሚለኝን ሾፌር አፉን አስዘጋዋለሁ፤ መሞት ከፈለግህ ብቻህን ሙት፣ ተሳፋሪውን ተውልኝ እለዋለሁ። ለእናቴ ግን አንዲት እውነት ለመናገር ሦስት ወር አልበቃኝም። መጨረሻ ላይም እኔ አይደለሁም የተናገርኩት፣ ሰው ነው የተናገረልኝ።

የምኖረው ወልድያ ነው። እናቴ መርሳ ናት፣ ተወልደን ባደግንበት ቤት። ወንድሜ በስምንት ዓመት ያንሰኛል። መርሳ አጠገብ ግራና ላይ የሰው መሬት በእኩል ይዞ ሽንኩርት ያለማ ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሽንኩርቱ ገዢ አጥቶ ማሳው ላይ በሰበሰበትና በሦስተኛው በቃኝ አለ፤ እንደ እኩዮቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገባ። እኔ ተቆጥቼ አልሸኘሁትም። እንዲያውም የመጨረሻ ቀን ጋራዥ ድረስ መጥቶ ሲሰናበተኝ ከመኪናው ሥር አልወጣሁም፤ ተኝቼ እግሩን ብቻ እያየሁ ነው ደህና ሁን ያልኩት። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁበትን ቀን ቤት ይቁጠረው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አብሮት የሄደው ጓደኛው ደወለልኝ። ከሚሠሩበት ሕንፃ ላይ ወድቆ ነው አለኝ። ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እዚያው አገር ነው የቀበሩት፤ ካህን የለ፣ ፍትሐት የለ፣ ዘመድ የለ። አፈር ሲመልሱበት ነፍስ ይማር ያለው እሱ ብቻ እንደነበር እያለቀሰ ነገረኝ። እኔ ግን ያን ሰዓት አላለቀስኩም። ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ክላች ጨረስኩ። ሰው ምን ዓይነት አውሬ ነው ይበለኝ፣ መኪናውን አስነስቼ ሞክሬ ለባለቤቱ አስረክቤ ነው መሬት ላይ የተቀመጥኩት።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ደም ግፊት ተነስቶ ቤቷ ደጃፍ ላይ ወድቃ ነበር። የመረመራት ባለሙያ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳያገኛት፣ አለዚያ አንዱ ጎኗ ሊቀር ይችላል ብሎናል። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር እንዲያው እንደተገኘ አይነገርም። ለታመመ ሰው አይነገርም፣ ጾም ለያዘ አይነገርም፣ በዓል ሲቀርብም ይቆያል። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አቅፎ የሚይዝ ተዘጋጅቶ ነው። ስለዚህ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና ጎረቤታችንን አማከርኩ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ ከእናቴ ጋር በአንድ አጥር አርባ ዓመት ኖረዋል፣ ወንድሜንም በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ድምፃቸው እንዳይሰማ አለቀሱና፣ እስክትበረታ እንቆይ፣ አብሽር ልጄ አሉኝ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። እኔማ ከሁሉም ቀድሜ ነው የተስማማሁት።

በየእሑዱ መርሳ እወርዳለሁ። እናቴ ገና ሳልቀመጥ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ድምፁ ጠፋብኝ ትለኛለች። መጀመሪያ አሠሪዎቹ ስልክ ሰብስበውባቸዋል አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ይሄ አላረካትም፤ ጓደኛው ደውሎ ሰላም ብሎሻል፣ ደህና ነው ብሏል አልኳት። ፊቷ ሲፈካ ሳይ ደስ አለኝ፤ ይኸው እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታውን እኔው እየፈጠርኩ መውሰድ ልማዴ ሆነ። ወፍሯል አሉ፣ ሥራ ቀይሯል አሉ፣ ለመስቀል ልብስ ሊልክልሽ ነው አሉ። ልብሱን ከየት እንደማመጣው እንኳ አላሰብኩም።

እኔና እግዚአብሔር እስከዚያ ድረስ ብዙም አንነጋገርም ነበር። በደጁ ሳልፍ አማትባለሁ፣ ዓመት በዓል እስማለሁ፣ ጾም ስይዝም ስተውም ኖሬያለሁ። የወንድሜ ሞት ግን አላስቀምጥ አለኝ። እኔ ሞተር ሲንኳኳ መነሻውን ሳላገኝ መተኛት የማልችል ሰው ነኝ፤ ይሄም እንደዚያው ሆነብኝ። ለምን ወሰደው የሚለውን አይደለም የምጠይቀው። ሰው ይሞታል፣ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይወድቃል። እኔን ያቃጠለኝ የእናቴ ጸሎት ነው። ሴትዮዋ ጠዋትና ማታ በሰላም መልስልኝ ትላለች፤ ልጁ ደግሞ አፈር ገብቷል። ታዲያ እግዚአብሔር ይህን ጸሎት ሲሰማ ምን ያደርጋል? ሰምቶ ዝም ይላል? ይስቃል? ያለቅሳል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወልድያ ላይ ጉባኤ ገብቼ ይህንኑ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። ሰባኪው አነበበው። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠፋ ጸሎት የለም አለና ሰው አሜን አለ፤ ወረቀቴን አጥፎ ወደሚቀጥለው ሄደ። እኔ የጠየቅሁት ይጠፋል ወይ ብዬ አይደለም። ጫማዬን አድርጌ እያጉረመረምኩ ወጣሁ።

ከዚያ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ወሬ አያበዙም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቱንም፣ ጥያቄውንም። ስለ ጸሎቱ ስጠይቃቸው፣ "አላውቅም ልጄ። እኔ ቄስ ነኝ እንጂ እሱን አይደለሁም" አሉኝ። ከጉባኤው መልስ ይልቅ ይሄኛው ትንሽ አሳረፈኝ። ቀጥለው ግን ያላሰብኩትን ነገር ጠየቁኝ። ፍትሐት ተደርጎለታል ወይ አሉኝ። አልተደረገለትም አልኩ። እንግዲያው አርባው ሳይደርስ ስሙን አምጣልኝ አሉ። የቤት ስሙን ነገርኳቸው። እሱን አይደለም፣ ክርስትና ሲነሳ የተሰጠውን ነው አሉኝ።

አላውቀውም ነበር። የገዛ ወንድሜን የክርስትና ስም አላውቅም። የክርስትና አባቱ ሞተዋል፣ ያጠመቁት ቄስም ሞተዋል። የሚያውቅ ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ናት። የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያው ጊዜው ደርሷል፣ ንገራት አሉ። ድንጋጤው ይገድላታል ብዬ ተከራከርኳቸው፤ ባለሙያው ያለውን ጠቀስኩ፣ ሽማግሌዎቹን ጠቀስኩ። እናት ባለችበት ያለ እናት አርባ ማውጣት ልቤ አይወደውም አሉኝ። እኔ ግን ድርቅ አልኩ። እኔ ድርቅ ካልኩ ደግሞ ማን ይችለኛል። በመጨረሻ ትከሻቸውን ጣል አድርገው ስሙን አምጣ አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ የወንድሜን የክርስትና ስም እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ወልድያ ላይ ጸሎት ላስይዝለት ነው አልኳት። ቃል በቃል ካያችሁት ውሸት አልነበረበትም። ስመጣ መንገድ ላይ ደጋግሜ ያዘጋጀሁት አነጋገር ነው።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን አትስምም እያለች ስትጨቃጨቀኝ የኖረች ሴት፣ ግንባሬን ይዛ ሳመችኝ። እመቤቴ ልብ ሰጠችህ አለችኝ። ስሙን ነገረችኝ፤ እንዳልረሳው ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በመጨረሻ ደግሞ እንዲህ አለች፦

"እኔ ብቻዬን ስለምለምነው ነው የዘገየው። አሁን ሁለት ሆነናል፣ ይመጣል።"

ምስሩን መልቀም አልቻልኩም። ዓይኔ ውስጥ ገለባ ገባ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ። "ወላሂ ይሄ ነገር አያምርም፣ ይበቃል ልጄ" አሉኝ። ፍልሰታ ደርሷል፣ ጾሙን ትጨርስና አልኳቸው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ እናቴ ፍልሰታን በያዘች በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ወልድያ ላይ የወንድሜን አርባ አወጣሁ። ፍትሐቱ ተደረገ፤ ስሙ በካህናቱ አፍ ሲጠራ ሰማሁት። እናቴ ምስር ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ በደስታ፣ ሦስት ጊዜ ያስደገመችኝን ስም ነው ከሙታን ጋር የጠሩት። ሚስቴ ትንሽ ዳቦና ጠላ አዘጋጅታ ለካህናቱና ለአምስት ስድስት የጋራዥ ሰዎች አቀረበች። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያለቀስኩት። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ የጋራዥ ጓደኞቼ የት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

በዚያው ሳምንት መርሳ ወርጄ እናቴን አጅቤ ቅዳሴ ገባሁ። ከግንቡ ጥግ ከኋላዋ ቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ያንሾካሹካል፣ የእናቴን ድምፅ ግን ከሺህ መሃል እለየዋለሁ። አሠሪዎቹን አራራለት ትላለች። ሲርበው የሚያጎርሰው ሰው አታሳጣው። ሙቀቱን አብርድለት። እግሩን እንቅፋት አይምታው። እዚያ ቆሜ ንዴት መጣብኝ። በማን ልናደድ? በእግዚአብሔር። አንተ ሁሉን ታያለህ አይደል እንዴ አልኩት በሆዴ። ይህችን ሴትዮ እያየህ እንዴት ዝም ትላታለህ? እኔስ ሐኪም ከልክሎኝ ነው፤ የአንተ ሰበብ ምንድን ነው? ቅዳሴው እስኪያልቅ ይህንኑ ስደጋግም ቆየሁ። በዕድሜዬ ከልቤ የጸለይኩት የመጀመሪያ ጸሎት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ፍልሰታ ተፈታ። እናቴ በርትታለች፣ ግፊቷም ወርዷል፣ ባለሙያውም ደህና ናት ብሏል። ከዚያ ወዲያ ሰበብ አልነበረኝም፤ እኔ ግን አላጣሁም። እንቁጣጣሽ ይለፍ አልኩ። ልብስ ይልክልሻል ያልኳት መስቀል መጣ፣ እሱም ይለፍ አልኩ። ሰማንያውም በመሃል አለፈ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቆጡኝ፤ አንተ ለእሷ አይደለም የምትፈራው፣ ለራስህ ነው አሉኝ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ቀን ተቆረጠ።

ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ገባ። እናቴ ገና ፊቷን እየታጠበች ነበር። ሰዎቹን አየች፣ ከሰዎቹ መሃል እኔን ፈልጋ አየችኝ፣ ውሃው ከእጇ ፈሰሰ። ሽማግሌው ተናገሩ። ጎረቤታችን ከኋላ አቅፈው ይዘዋታል። እናቴ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሰዎቹ ናቸው የጮኹት። ጎኗም አልቀረ፣ ልቧም አልቆመ። እኔ ሦስት ወር የፈራሁት ድንጋጤ እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በአራተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል ከምንጣፏ ላይ ሆና ጠራችኝ። መቼ ነው አለችኝ። ሰኔ መጨረሻ አልኳት። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም እያለች ጣቷን አጠፈች። አርባውስ አለችኝ። አውጥቻለሁ እማ፣ ወልድያ ላይ አልኳት። ይህን ስላት እንደምትጽናና አስቤ ነበር።

"በማን ስም?" አለች።

"አንቺ በነገርሽኝ።"

ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች። ስሙን ስነግርህ እኮ ይመጣል ብዬ ነው አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ልጄ አፈር ለብሶ እኔ እንቅፋት አይምታው እል ነበር አለች። ነፍስ ይማር የምልበትን አርባ ቀን እግሩን ጠብቅልኝ እያልኩ ዋልኩ። ማንም ባልነበረው ጊዜ እኔስ ነበርኩ፣ ለምን ከለከልከኝ አለችኝ።

መከላከል ጀመርኩ። ባለሙያውን አነሳሁ፣ ሽማግሌዎቹን አነሳሁ፣ ልማዱን አነሳሁ። አልበቃ ሲለኝ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አወጣሁት። እግዜርስ ያውቅ የለም ወይ አልኳት። እሱስ ስትለምኚው ዝም ብሎሽ የለ፣ ምነው እኔን ብቻ?

ቀና ብላ አየችኝ። "እሱ ዝም አለኝ። አልዋሸኝም" አለች። "ሰላም ብሎሻል ያልከኝ አንተ ነህ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይቅር አለችኝ። እናቴ ይቅር ስትል የምሯን ነው፣ ቂም አታውቅም። መንፈቁን መርሳ ላይ ራሷ አወጣችው፤ ስሙን ራሷ ለካህናቱ ሰጠች፣ እኔ ድንኳን ተከልኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ተመልሼ ያለችኝን ነገርኳቸው። እናትህ ከእኔ ትሻላለች አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። የእናቴ ጸሎት የት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም። ያን ጥያቄ ይዤው አስቀድሳለሁ፣ ይዤው እወጣለሁ። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፣ ሲገባኝም አሞኛል። እግዚአብሔርን በራሴ ልክ ሰፍቼው ነበር። ዝምታውን ሳይ፣ እንደ እኔ የሚሸሽ፣ እንደ እኔ የሚያለቅስ ፊት ማየት የሚፈራ፣ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ይሁን የሚል መስሎኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ስከሰው የቆየሁት እሱን አልነበረም። ወንድሜ ሊሰናበተኝ ሲመጣ ከመኪና ሥር ያልወጣውን ሰው ነበር። እግዚአብሔር ማን እንደሆነ አሁንም ጥቂት ነው የማውቀው፤ ማን እንዳልሆነ ግን ከእናቴ ተማርኩ። ይህን ለማወቅ የከፈልኩት ዋጋ ያንገበግበኛል፤ የከፈለችው ደግሞ እሷ ናት።

ዘንድሮ ጥር ላይ ትንሿ ልጄን ታይፎይድ ያዛት። ውጤቱ እንደተነገረኝ፣ ገና ከምርመራው ክፍል ሳልወጣ፣ ለእናቴ ደወልኩ። ከእንግዲህ ምንም አልደብቃትም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ትኩሳቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደታዘዘላት፣ ቤት ተኝታ እንደምትታከም፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። የሚያሰጋ ነገር የለም እማ አልኳት። እሺ ልጄ፣ እግዜር ይማራት ብላ ዘጋች።

ከደወልኩ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ባጃጅ ደጃችን ላይ ቆመ። ልጄ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አጥሚት እምቢ እያለች ከእናቷ ጋር ትጨቃጨቃለች። እናቴ መሆኗን ከሳሏ አወቅኩና ልከፍትላት ወደ በሩ ሄድኩ። እጄን መሸጎሪያው ላይ እንዳደረግሁ ድምፅዋን ሰማሁ። በውጭ በኩል ልብስ የምታሰጣውን የወልድያ ጎረቤታችንን ነው የምታናግራት፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትደብቂኝ። የዚህ ቤት ልጅ በሕይወት አለች?"

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት፣ አለች እኮ እማማ፣ አሁን ስትጮህ ነበር፣ ይኸው ድምፅዋ አለችና ሳቀች። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ነበር የመጣችው፤ ከመርሳ እስከ ወልድያ እንደዚያ ሆና ነው ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠችው። ፈታችና እንደ ደህና ቀን አስተካክላ ለበሰችው፣ ፊቷን በጫፉ ጠረገች፣ ከዚያ በሩን አንኳኳች።

እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ከፈትኩላት።